በበግ ሚዛን የተመዘነች ልጅ

የመጀመሪያ ልጄ የሰባት ወር ሕፃን ሳለች፣ በጥር 2005 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የገበሬ ግቢ ውስጥ በበግ ሚዛን ተመዝናለች። ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ስድስት ወር የሞላቸውን ወንድ ጠቦቶች አንድ በአንድ እያንጠለጠልን የጆሮ ቁጥራቸውንና ክብደታቸውን ስንመዘግብ ቆይተን ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል የግቢው ባለቤት እናት የሆኑ አዛውንት «የሰዉን ጠቦት ሁሉ መዝነሽ የራስሽን ትተዪያታለሽ?» አሉኝ። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለን መንጠቆው ላይ ሰቀልናትና ሰባት ኪሎ ተኩል ሆነች። ከእርሷ ቀድሞ የተመዘነው ጠቦት በዕድሜ የአንድ ወር ታናሿ ሆኖ ሳለ በክብደት እጥፏ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። የሰው ልጅና የበግ ልጅ በአንድ ሚዛን እንደማይነጻጸሩ በሙያዬ አጥቼው አይደለም፤ ነገር ግን እናትነት ሙያን ያስረሳልና ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም። አዛውንቷ አይተውኝ «እሱ ለገበያ ነው የሚፋፋው፤ እሷን ማን ያስቸኩላታል?» አሉኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ በመንዝ በግ ዝርያ ማሻሻያ ላይ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በወር ውስጥ ስምንትና አሥር ቀን ከቤት ያስወጣኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱንም በተለያየ ጊዜ ይዤ ወጥቻለሁ። አንዳንዱን ጉዞ ዛሬም ቢሆን ደግሜ እመርጠዋለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ ባላደረግሁት እላለሁ። አዲስ የወለዱ የሥራ ባልደረቦቼ «እንዴት አድርገሽ ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ሻይ ቤት ቆሞ የሚመለስ መልስ ስላልሆነብኝ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

ልጅ አዝሎ ለሥራ መውጣት በራሱ አዲስ ነገር አለመሆኑን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። የመንዝ ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ የበግ ፀጉር ትፈትላለች፣ ገበያ ትወርዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር ስንቅ የሚያዘጋጁ ሴቶች ልጆቻቸውን ጭምር ይዘው መጓዛቸው የታወቀ ነው። ነገሩ እንግዳ መምሰል የጀመረው ሥራ በደብዳቤ የሚታዘዝ፣ በማኅተም የሚረጋገጥና በአበል የሚቆጠር ከሆነ ወዲህ ይመስለኛል።

ችግሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው የቀን ስሌት ነው። ልጄ በተወለደችበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ መሥሪያ ቤቴም ይህንኑ ቁጥር ይከተል ነበር። ወንዱ ልጄ በተወለደ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ወጥቶ ስለነበር የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ 90 ቀን ሆኖ ጠበቀኝ። የአንድ ወር ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ልጆች ላይ የቀመሰ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ሆኖም የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ነው የሚመክሩት። ሦስት ወርና ስድስት ወር አይገናኙም፤ ሁለት ዓመት ጋ ማን ይደርሳል! ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት በምሳ ሰዓት ቤቷ ደርሳ ትመለሳለች። አዋጁ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ማለቱም መልካም ነው፤ ነገር ግን ማቆያው የሚሠራው ቢሮው ባለበት ሲሆን የእኔ በጎች ያሉት ከቢሮው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው።

መሥሪያ ቤቴ ደግ ሆኖ ልጄ ስድስት ወር እስክትሞላ ድረስ ከመስክ አስቀረኝ። ከዚያ በኋላ ግን መቅረት አልተቻለም፤ ምክንያቱም የእኛ ሥራ ቀጠሮው የሚያዘው በጠቦቶቹ ዕድሜ ነው። በማኅበር የተደራጁት አርቢዎች ለመንጋቸው አውራ የሚሆነውን በግ የሚመርጡት የስድስት ወር ክብደቱን ከእኩዮቹ ጋር አስተያይተው ነው። የተመረጠው አውራ በአባላቱ መንጋዎች መካከል እየተዘዋወረ ያገለግላል፣ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ይደልባል ወይም ይሸጣል። የአንዱን ጠቦት በስድስት ወሩ፣ የሌላውን በሰባት ወሩ መዝኖ ማወዳደር ገበሬውን ማታለል ነው። ስለዚህ የልጄና የጠቦቶቹ ስድስት ወር በአንድ ሰሞን ሲገጥም የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዘልኳት።

ከደብረ ብርሃን የተነሣ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ወደ ጣሊያኑ ዋሻ ሳይገባ ወደ ግራ ታጥፎ በደጋው ላይ ይቀጥላል። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ያለች የብርድ ከተማ ናት፤ ጓሳ ወደተባለው የሣር ምድር ሲወጣ ግን ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደረሳልና የደብረ ብርሃን ብርድ ሙቀት ሆኖ ይናፍቃል። በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ግን ፀሐዩ የሕፃን ፊት ይለበልባል። በመጀመሪያው ጉዞ በአንድ ላይ አራት ልብስ ደራርቤ አልብሻት መኪና ውስጥ ላቧ ተንቆረቆረ፤ ስንወርድ ደግሞ ያው ላብ ቀዘቀዘባት። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ አሳስቼ አለብሳለሁ፤ ስንወርድ አንቀልባ ውስጥ ገብታ ገላዋ ከገላዬ ይገጥማል፣ ከላይ ጋቢ ይደረባል። የመንዝ እናቶች ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ከብርዱ ይልቅ አብዝቼ የምፈራው ግን ብርዱን ለማባረር የሚደረገውን ነው። ባደርንበት አልጋ ቤት ባለቤቲቱ ለሕፃኗ አዝነው የጋመ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍላችን አስገቡልን። በሩና መስኮቱ ግጥም ብሎ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ጭሱ ባይታይም፣ ሽታው ባይሰማም የሚገድል አየር ያመነጫል፤ በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ሴትዮዋን እንዳላስቀይም ብዬ እሳቱን እየሞቅን ራታችንን በልተን፣ ልንተኛ ስንል «እጅግ አመሰግናለሁ እትዬ፣ አሁን ያውጡልን፤ ሐኪም ከልክሏታል» አልኳቸው። «ሐኪም ከልክሏታል» የምትለው ቃል በጉዞዎቼ ሁሉ እጅግ የጠቀመችኝ ቃል ናት። ለልጅቷ ከላም እንደታለበ የሚቀርብላትን ጥሬ ወተት ያስመለስኩት በእርሷ ነው። ጥሬ ወተት ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖረው እንደሚችል ለአርቢዎች ማስተማር የሥራዬ አካል ሆኖ ሳለ፣ እንግዳ ተቀባይ ቤት ተቀምጬ ትምህርቱን ከመስጠት ሐኪሙን ማሳበብ ቀለለኝ። ወተቱን አፍልተው ሲያመጡልኝ ግን ጠጥተናል። በጉሮኖው ውስጥም ልጅ እንዲድህ አልፈቅድም፤ ጠቦት የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ወደ አፍ አይሄድም። ውሻ ያለበትን ግቢ ደግሞ ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን ሳያስር በፊት ልጅ ይዤ አልረግጥም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ብርዱ በጋቢ፣ ወተቱ በእሳት ይመለሳል። ልጅ ይዞ መውጣት የሚቻለው ሁለተኛ ሰው ሲኖር ብቻ ነው፤ ያ ሁለተኛ ሰው ደግሞ በየትኛውም የጉዞ ትእዛዝ ላይ ስሙ አይጻፍም። ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ማንንም ሳላስከትል ነበር የወጣሁት፤ በቀን አሥራ ሁለት ቤት ማዳረስ ሲገባኝ አራት ቤት እያዳረስኩ፣ በአንድ እጄ ልጅ፣ በሌላው ብዕር ይዤ ሠራሁ። ተመልሼ መዝገቡን ስገለብጥ ሁለት ጠቦቶች አንድ የጆሮ ቁጥር ይዘው አገኘኋቸው። ከሁለቱ አንደኛው ለአውራነት የሚመረጥ ክብደት ነበረው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከመዝገቡ ማወቅ አልተቻለም። ባልደረባዬ ለዚህ ብቻ ተመልሶ 150 ኪሎ ሜትር ሄደ። አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለተኛው ጉዞ ጀምሮ የአክስቴን ልጅ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። እርሷ ጥላ ሥር ትይዛታለች፣ እኔ ሁለት ቤት በጨረስኩ ቁጥር መጥቼ አጠባለሁ፣ አጥሚቱ በፔርሙስ ይያዛል። ሥራው እንደ ቀድሞው ሆነ፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነበር። የመንግሥት መኪና ሠራተኛ ያልሆነ ሰው አይጭንም። ሾፌራችን ጋሼ ለመጀመሪያዋ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ደብል ጋቢናው ላይ ቢያሳፍሩልንም፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ተጠያቂ የሚሆኑት እርሳቸው መሆናቸውን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁና በደብዳቤ አስፈቀድኩ። ደብዳቤው ለማሳፈር ፈቀደ እንጂ ለአልጋና ለምግብ አልፈቀደም። አልጋዋንና ምግቧን ከውሎ አበሌ ላይ ስከፍል፣ ለእርሷም የድካሟን ስሰጥ፣ ከስምንት ቀን መስክ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ወጪውን ዘርዝሬ ለፋይናንስ ያቀረብኩት ወረቀት «መመሪያ የለውም» ተብሎ ተመለሰልኝ። በመኪናው ጎማና በነዳጁ ላይ ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ያለ ጎማ መስክ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃልና።

ልጅ ይዞ መሄድ ሥራውንም ይለውጠዋል። በአገራችን ሰው የከብቱንና የበጉን ቁጥር እንደ ስሙ አይናገርም፤ ግብር ይመጣብኛል ብሎ የሚሰጋ አለ፣ የቆጠሩት ነገር ይጠፋል ብሎ የሚፈራ አለ፣ እንግዳ ሰው ለምን ይጠይቀኛል የሚልም አለ። እኔም ለዓመታት ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከአባወራው የሰማሁትን ቁጥር ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ልጅ አዝዬ የሄድኩ ጊዜ ግን ድንጋዩ ላይ የሚያስቀምጠኝ ጠፋ፤ «ብርድ ነው፣ ግቢ» ተብዬ በቀጥታ ወደ ምድጃው አጠገብ ተወሰድኩ። እዚያ እሳት ዳር ልጄን እያጠባሁ የሰማሁት መዝገቤ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም ነበር። ከመንጋው ውስጥ ሁለቷ እናት በጎች የሴትየዋ የራሷ መሆናቸውን፣ ባለፈው ክረምት የሞቱት ግልገሎች አባወራው ከነገረኝ እንደሚበልጡ፣ ጥሩ ጥሩው ጠቦት ለምርጫው ቀን ሳይደርስ ለትምህርት ቤት ወጪ እንደሚሸጥ የነገሩኝ ሴቶች ናቸው። የዝርያ ማሻሻያው ለምን እንዳሰብነው ፈጥኖ እንዳልሄደ ከማንኛውም ስብሰባ ይልቅ ያ ምድጃ አስረዳኝ።

ደስ ያለኝን ያህል ግን ሰቀቀኝ። ሴቲቱ የነገረችኝ ለባለሙያዋ ነው ወይስ ለእናቲቱ? ልጄን የሰው ጓዳ መክፈቻ ቁልፍ አድርጌያት ከሆነስ? ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። ምድጃ ዳር የሰማሁትን ያንኑ ቀን አልጽፍም፤ ስነሣ «ይህን የነገርሽኝን ብጽፈው ትፈቅጂልኛለሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ «ጻፊው፣ ስሜን ግን ተዪው» ትላለች፤ አንዳንዷ ትስቅና «ለልጅሽ ነው የነገርኩት» ትላለች። የኋለኛይቱን ቃል አልጻፍኩትም።

አሁን ወደ ማልወደው ታሪክ ልምጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ላይ የአምስት ቀን ሥልጠና ነበረኝ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሥልጠና ደግሞ እንደ መስክ አይደለም፣ አዳራሽና ሆቴል ነው፣ ይቀላል ብዬ ማንንም ሳላማክር ይዣት ወረድኩ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወደ ሮቢት የሚወርድ ሰው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ 1,900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የልጅ ጆሮ በዚህ ቁልቁለት ይደፈናል፤ ጡት ያልተወ ሕፃን ማጥባት፣ ተለቅ ያለውን ውኃ ማጎንጨት ወይም ከረሜላ ማስመጠጥ ይረዳል። ይህን አውቄ ተዘጋጅቻለሁ። ጋቢዋን አውልቄ ስስ ቀሚስ አለበስኳት፤ ማንጎ በላች፣ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ አመሸች። ያልተዘጋጀሁት ለወባ ነው። ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ወባ በአገራችን በዋነኛነት ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ሲገኝ የሚበረታውም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ነው። የደጋ ልጅ ደግሞ ለወባ ምንም ዓይነት መከላከያ በሰውነቱ የለውም። ክፍላችን ውስጥ አጎበር ተሰቅሎ ነበር፤ ሙቀቱ ስላስጨነቃት ሰብስቤ አሰርኩት። ይህን ያደረገው የራሴ እጅ ነው።

ደብረ ብርሃን ተመልሰን ሁለት ሳምንት ሊሞላን ሲል ትኩሳት ያዛት። የወሰድኳት ክሊኒክ የጉንፋን መድኃኒት ሰጥቶ መለሰን፤ በብርድ ከተማ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ብርድ ነውና ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። «ከከተማ ወጥታ ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልናገር ቀረሁ፤ ጉዞውና ትኩሳቱ በሁለት ሳምንት ስለተራራቁ በአእምሮዬ አልተገናኙም። የወባ ተውሳክ ግን ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሳምንት ያህል ሳይታወቅ ይቆያል። በሦስተኛው ቀን ስትንቀጠቀጥ ሳያት ነው ሮቢት ትዝ ያለኝ። ሌላ ቦታ ወስጃት ደሟ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች። ደጋ ተቀምጣችሁ ልጅ ይዛችሁ ወደ ቆላ የምትወርዱ ሁሉ፣ አጎበሩን ሙቀት ነው ብላችሁ አትሰብስቡ፤ ከተመለሳችሁ በኋላም ለብዙ ወራት ልጁን ባተኮሰው ቁጥር ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድማችሁ «ቆላ ወርዶ ነበር» በሉ።

ስለ አባቶችም አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ እነዋሪ ሲሄድ ወንዱን ልጃችንን ለሁለት ቀን ይዞት ሄደ። ያረፈበት ቤት ሰዎች ልጁን አጥበው፣ አብልተው፣ አስተኝተው፣ እርሱንም «እንዲህ ያለ አባት!» ብለው አመስግነው ሸኙት። እኔ ብቻዬን ስወጣ «ልጆቹን ለማን ትተሽ መጣሽ?» እባላለሁ፤ ይዣቸው ስወጣ ደግሞ «ምን ብርድ ላይ ታንከራትቻቸዋለሽ?» እባላለሁ። ባለቤቴ ከሁለቱ አንዱንም ተጠይቆ አያውቅም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ወንዱ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ሳለ ሁለቱንም ይዤ ወደ መንዝ ወጣሁ፤ የአክስቴ ልጅ በዚያ ጊዜ ሥራ ይዛ ስለነበር ብቻችንን ነበርን። በጓሳ ስናልፍ መኪናውን አስቁመን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አየን። ጓሳው በአካባቢው ሰው ደንብ ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረ የጋራ ሀብት ነው፤ በተፈቀደ ጊዜ ብቻ እንደሚታጨድ ሾፌሩ ሲነግራት ልጄ «ዝንጀሮዎቹም ፈቃድ ይጠይቃሉ?» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን። በሥራው ቀን ግን ስድስት ዓመት ከምናምን የሆናት ልጅ ወንድሟን ይዛ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተቀመጠች። አላማረረችም፤ ሰው ሁሉ አመሰገናት፣ እኔም ያን ጊዜ ኮራሁባት። ማታ ክንዷን ስትዘረጋ አቅቷት አየሁ። እርሷን ይዤ የወጣሁት አገር እንድታይ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱ ግን ያ ያልተጻፈው ሁለተኛ ሰው እርሷ ሆና መገኘቷ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ልጅ ይዞ መውጣት ቀርቶ ብቻን ለመውጣትም ከመነሣት በፊት ስልክ ደውሎ መንገዱን መጠየቅ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ልጆቼ እቤት፣ እኔም ብዙ ጊዜ ቢሮ ነን። ሴቷ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጥናት አለብኝ ትላለች፣ መንዝ ስል ብርዱ እንጂ ዝንጀሮዎቹ አይታወሷትም። ወንዱ ግን የእኅቱን የሚዛን ታሪክ ደጋግሞ ስለሰማ «እኔስ ተመዝኛለሁ?» ብሎ ይነዘንዘኛል። ተመዝኗል፤ ስምንት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፤ በዚያ ዓመት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሁለት ጠቦቶች የጆሮ ቁጥር መካከል ተጽፎ ይገኛል። መንገዱ ሲረጋጋ እንደምወስደው ነግሬዋለሁ። አሁን ሰባት ዓመቱ ስለሆነ አጥሚትም አንቀልባም አያስፈልገውም፤ እኔ ጠቦት ስመዝን አብሮት የሚቆይ ሰው ግን አሁንም ያስፈልገዋል። የአክስቴ ልጅ አግብታ አዲስ አበባ ገብታለች፤ እስካሁን ሌላ ሰው አላገኘሁም።